ስሙ ያልታወቀ ዕቃ

በጎንደር አራዳ ለገበያ የሚቀርበው ያገለገለ ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ሲሠራበት ቆይቶ የመጣ ነውና፥ መመሪያውም ደረሰኙም አብሮት አይመጣም። በላዩ የተጻፈው ስም የሳጥኑን ሠሪ ይነግረናል እንጂ በሆዱ ያሉት ዕቃዎች የማን ሥራ እንደ ሆኑ አይገልጥልንም። ድምፅ የሚያወጣው ክፍል የአንዱ፥ ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ካርድ የሌላው ፋብሪካ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስም የሚነግር ኤልኤስፒሲአይ የሚባል አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ። መጠሪያው ለአፍ አይመችም፤ ሥራው ግን ያማረ ነው። የጻፈው ማርቲን ማሬሽ የተባለ የቼክ አገር ሰው ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተጀምሮ ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ላይ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ያለ ዋጋ ይገኛል፤ የተጻፈበትም ኮድ ክፍት ስለ ሆነ የፈለገ ሁሉ ሊያነበውና ሊያሻሽለው ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፒሲአይ በሚባለው መሥመር የሚያያዝ ዕቃ ሁሉ ሁለት ቍጥር ይይዛል፤ አንደኛው የሠሪው፥ ሁለተኛው የዕቃው ነው። የኢንቴል ቍጥር ለምሳሌ 8086 ነው፤ ይህም ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ፕሮሰሰር መጠሪያ ነበር። በአገራችን አንዲቱን ሴት «የእገሌ እናት» እንደምንላት መሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ሥርዓቱ በየቦታው እየዞረ «ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዕቃ ያለበት ቦታ ቍጥሩን ይመልሳል፥ ከባዶው ቦታ ግን ኤፍ የምትባለው ፊደል አራት ጊዜ ተደጋግማ ትመጣለች። ፕሮግራሙም መልሱን ተቀብሎ ከአንድ ትልቅ መዝገብ ጋር ያመሳክርና ቍጥሩን ወደ ስም ይለውጠዋል። መዝገቡን የሚያሳድጉት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ያልተመዘገበ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ቍጥሩንና ስሙን ይልክላቸዋል።

በእኛ ቤት ለልጆች ትምህርት የተገዛው ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት አልገናኝ ባለ ጊዜ፥ አንድ ጠጋኝ ሳጥኑን እንኳ ሳይከፍት «ካርዱ ሞቷል፤ አዲስ ይግዙ» ብሎ ፈረደ። ባለቤቴ ለፋሲካ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ልታወጣ ስትነሣ፥ በዩኒቨርሲቲ የምትማረው የወንድሜ ልጅ፥ «ጋሼ፥ እስቲ ይቆዩ፤ መሞቱን ራሱን እንጠይቀው» አለችኝ። ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰክታ ማሽኑን በእርሱ አስነሣችና ጥቂት ፊደላት ጻፈች። ካርዱ በስሙ ከነቍጥሩ ተዘርዝሮ ወጣ፤ ከሥሩም ድራይቨሩ፥ ይኸውም ዕቃውን ከሥርዓቱ ጋር የሚያነጋግረው አስተርጓሚ፥ ተጽፎ ነበር። ኢንተርኔቱም እዚያው ሠራ! የጎደለው በቤቱ ዊንዶውስ ላይ ያልተጫነው ድራይቨር ብቻ ኖሯል። የካርዱ ስም ከታወቀ በኋላ ድራይቨሩን ፈልጎ መጫን አንድ ሰዓት አልፈጀም፤ አስተርጓሚ ያጣው ካርድ ከመቀበር ዳነ፥ የፋሲካውም ገንዘብ በቦታው ቀረ።

ይሁን እንጂ ፕሮግራሙን ከሚገባው በላይ ማመን አይገባም። ቍጥሩን የመለሰ ዕቃ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ ስሙን ተናግሮ ሥራ የሚያቅተው አለ። በዩኤስቢ የሚሰካውን፥ እንደ ማውስና እንደ ካሜራ ያለውን፥ ይህ ፕሮግራም አይዘረዝርም፤ ለዚያ ኤልኤስዩኤስቢ የሚባል ሌላ አለ። የሚጽፈውም በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ በብዙ ቤት የሚያነበው ተማሪው ልጅ ይሆናል።

አራዳ ወርዶ ኮምፒዩተር ሊገዛ የሚያስብ ቤተ ሰብ፥ እንዲህ ያለ ፍላሽ ቢይዝና ማሽኑን በእርሱ ቢያስነሣ፥ ሻጩ ስለ ግራፊክስ ካርዱ የተናገረውን ከዝርዝሩ ጋር ማስተያየት ይችላል። ሥርዓቱን ካልጫኑት በቀር በዲስኩ ላይ ያለው አይነካም፤ ይህንንም ለሻጩ አስቀድሞ መንገር ጨዋነት ነው።