አሥራ ሁለት መስመር

እስራኤል ውስጥ ነታንያ ከተማ ያረፍኩት ከባሕሩ ራቅ ባለ ሰፈር፣ በአንዲት የጎንደር ተወላጅ ቤተ እስራኤል ቤት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃውን ሳልጨርስ የቡናው ሽታ ተቀበለኝ። ሴትዮዋ ከባሏ ከተፋታች ልክ ሦስት ሳምንቷ ነው። እናቷም አብረዋት ይኖራሉ። ማታ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠን የምናወራው ስለ ፍቺ ሆነ።

እኔ የማውቀው የአገሬን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከባልና ሚስት አንዳቸው ብቻ ቢያመለክቱም በሩን አይዘጋም። ዳኛው ታረቁ ይላል፣ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል፣ አልሆን ሲል ፍቺውን ራሱ ይወስናል። በቁርባን ለተጋቡ ቤተ ክርስቲያን ፊት ያለው ነገር ሌላ ነው፤ የመንግሥቱ በር ግን አለ። እስራኤል ውስጥ ለአይሁድ ባልና ሚስት ያ በር የለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው ሕግ ጋብቻቸውም ፍቺያቸውም ለረቢዎች ፍርድ ቤት ተሰጥቷል። ረቢ ፊት መጋባት የማይፈልጉ ቆጵሮስ ተሻግረው ይጋባሉ። መፋታት ሲያምራቸው ግን መመለሻቸው እዚያው ረቢዎቹ ደጅ ነው።

«ዳኞቹ እኮ አያፋቱሽም» አለችኝ። «ስጣት ብለው ያዙታል እንጂ።»

የሚሰጣት ነገር «ጌት» ይባላል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ላይ ባል ጽፎ ለሚስቱ በእጇ ይስጣት የተባለው የፍቺ ጽሕፈት ነው። ጽሑፉ በአራማይክ ነው፣ በእጅ ይጻፋል፣ አሥራ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ባል በፈቃዱ ካልሰጠ ፍቺ የለም። ከ1,000 ዓመት በፊት ገደማ ረቢ ጌርሾም የሚባል ሊቅ ሚስትም ሳትወድ አትፈታም ብሎ ስለደነገገ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሚዛኑ ግን እኩል አይደለም። እምቢ ያለች ሚስት ላለችው ባል መቶ ረቢዎች ፈርመው ሌላ እንዲያገባ የሚፈቅዱለት ጠባብ መውጫ አለ፤ ለሚስት እንዲህ ያለ መውጫ አልተበጀላትም። ሳትፈታ ከሌላ ብትወልድ ልጇ «ማምዜር» ተብሎ ከማኅበሩ ጋር እንዳይጋባ ይከለከላል። ባሏ ካላገባች ሴት ቢወልድ ልጁን ማንም አይነካውም። እንዲህ ሆና የምትጠብቀውን ሴት «አጉና» ይሏታል፤ መልሕቅ እንደያዘው መርከብ የታሰረች ማለት ነው።

የኔዋ ባለታሪክ አራት ዓመት ታሰረች። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ሕግ ለፍርድ ቤቱ ጉልበት ሰጥቶታል፤ እምቢ ያለውን ባል ከአገር እንዳይወጣ ይከለክለዋል፣ የባንክ ሒሳቡን ያግድበታል፣ እስር ቤትም ያስገባዋል። እዚያ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ታስሮ፣ ጌቱን ሳይሰጥ እስር ቤት ውስጥ የሞተ ሰው አለ። የእሷ ባል የሚተዳደረው በጭነት መኪና ነበርና መንጃ ፈቃዱን ሲይዙበት ተረታ።

ጌቱን የተቀበለችበት ቀን የሆነውን አንድ ጋዜጣ ይዛ አስመስላ አሳየችኝ። መጀመሪያ ቀለበቷን አወለቀች። ጋዜጣውን አጣጥፋ ለእኔ ሰጠችኝና ሁለት መዳፏን ገጥማ ዘረጋች። «ከላይ ጣይልኝ። ጣቴን አላጥፍም፣ ልቀበልሽም እጄን አላነሣም። ከወደቀልኝ በኋላ ነው የምይዘው።» ጣልኩላት። ጨበጠችው፣ ከፍ አደረገችው፣ ብብቷ ሥር ሸጎጠችውና እስከ በሩ አራት እርምጃ ተራምዳ ተመለሰች። ፍርድ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ዳኞች፣ ጸሐፊውና ሁለቱ ምስክሮች ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት የምትጠራበትን ስም ሁሉ ጠይቋታል፦ እናቷ ያወጡላትን፣ አገሩ ስትገባ በዕብራይስጥ የተሰጣትን፣ ሥራ ቦታ የሚጠሯትን። አንዱ ስም ቢጎድል ወረቀቱ ይበላሻል። ስለ ስሟ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሕግ ስለ አራት ዓመቷ እንዴት አልተጠነቀቀም? ይህንን እስካሁን መቀበል አቅቶኛል። የአንድን ሰው ነጻነት በሌላው ሰው መዳፍ ውስጥ አስቀምጦ ስጣት ብሎ መለመን ፍርድ አይባልም።

እናትዬው እስከዚህ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩ። የእሳቸው ፍቺ ጎንደር ነው፤ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ቄሱ መጡ፣ ከብቱና ገብሱ ተካፈለ፣ አለቀ። «ለእኔ ማንም ወረቀት አልጻፈልኝ» አሉ። በሱዳን በኩል እስራኤል የገቡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ዋናው ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤልን ከዳን ነገድ የመጡ አይሁድ ናቸው ካሉ 11 ዓመት ሆኖ ነበር። ይሁን እንጂ ታልሙድ ያልደረሳቸው ቄሶች ያፈረሱት ጋብቻ በእርግጥ ፈርሷል ወይ የሚል ጥርጣሬ ነበረና፣ ረቢዎቹ ለማግባት የሚመጣውን ሁሉ የመንጻት ሥርዓት ፈጽም ይሉት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1985 ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ከዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጦ ተቃወመ። እናትዬውም ነበሩበት። ጥርጣሬውን ሊያነሡ የፈለጉ ረቢዎች ያገኙት መፍትሔ ደግሞ፣ ጋብቻው ራሱ በሕጉ መሠረት ስላልተፈጸመ ፍቺ አያስፈልገውም የሚል ነበር። ለልጆቹ መልካም ነው፤ ማምዜር ከመባል ያድናቸዋል።

«አሥራ አንድ ዓመት ኖሬበት፣ ሦስት ወልጄበት፣ ከከብቱ ግማሹን ነድቼ የወጣሁበትን ቤት አልገባሽበትም ተባልኩ» አሉ፤ ስኒያቸውን ወደ ረከቦቱ እየመለሱ።

ጌቱ ልጃቸው እጅ የለም። ፍርድ ቤቱ ቆርጦ ያስቀረዋል፤ ለእሷ የሚደርሳት መፋታቷን የሚገልጽ ማስረጃ ብቻ ነው። እሱ በማግስቱ ማግባት ይችላል። እሷ ግን ድንገት ብትፀንስ የማን እንደሆነ እንዲለይ 92 ቀን መቆየት አለባት። ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው የቀን መቁጠሪያ እስከዚያ ዕለት ድረስ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ልንተኛ ስንነሣ እናትዬው እንደየማታው ጠየቋት።

«ስንት ቀረሽ?»

«ሰባ አንድ።»