የወጋም አይረሳም

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1942 ያሳተመችውን «አምስት ትንንሽ አሳማዎች» የተሰኘ የወንጀል ልብ ወለድ ሳነብ ግን ተረቱ ተገለበጠብኝ። (መጽሐፉን ልታነቡ ያሰባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ምስጢሩን ማውጣቴ አይቀርም።)

ወንጀሉ የተፈጸመው ታሪኩ ከሚጀምርበት ጊዜ 16 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሠዓሊው አምያስ ክሬል በመርዝ ሞቷል። ሚስቱ ካሮላይን ገዳይ ተብላ ተፈርዶባት እስር ቤት ውስጥ ሞታለች። አሁን ልጃቸው ካርላ አድጋ ትዳር ልትይዝ ስትል፣ እናቷ «ንጹሕ ነኝ» ብላ የጻፈችላትን ደብዳቤ ይዛ ወደ መርማሪው ኤርኩል ፗሮ ትመጣለች። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የሚመረመር አስከሬንም አሻራም የለም። ፗሮ ያለው በዚያን ቀን እዚያ የነበሩ አምስት ሰዎች ትዝታ ብቻ ነው።

ገዳይዋ ሌላ ሴት ሆና ትገኛለች። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ካሮላይን ንጹሕ ከሆነች ለምን ለነፍሷ አልታገለችም?

ነገሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ካሮላይን በልጅነቷ በቅናት ተነሳስታ ሕፃን እህቷ አንጄላ ላይ ዕቃ ወርውራ አንድ ዓይኗን አጥፍታለች። ባሏ ሲሞት ደግሞ መርዙን የሰጠችው አንጄላ ናት ብላ አመነች። ስለዚህ ከቢራው ጠርሙስ ላይ አሻራውን ጠረገች፤ ፍርዱንም ለዚያች ዓይን ካሳ አድርጋ ዝም ብላ ተቀበለች። አንጄላ ግን ምንም አላደረገችም ነበር። ካሮላይን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀቻትም። ዕዳዋን የከፈለችው ላልተሠራ ጥፋት ነው።

እኔም ክንዴ ላይ ጠባሳ አለኝ። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጀበና ተገልብጦብኝ ነው። ቡናውን እንድትጠብቅ የታዘዘችው የዘጠኝ ዓመቷ እህቴ ነበረች። እኔ ቀኑን አላስታውሰውም፤ ቤታችንም አይነሳም። እህቴ ዐሥራ አንድ ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ አስተማረችኝ። እዚህ ፍራንክፈርት የደረስኩት በእሷ ገንዘብ ነው። ለራሷ ቤትም ትዳርም አልያዘችም። ሰው ሲጠይቀኝ «እህቴ ደግ ናት» እያልኩ አልፈው ነበር።

ፗሮ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያደረገው ትልቅ ነገር ቢኖር መጠየቁ ነው። እኔም መጽሐፉን በጨረስኩ ማታ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ቤይሩት የሄድሽው በእኔ ክንድ ምክንያት ነው?»

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ብርድ ሲሆን ያምሻል እንዴ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አያመኝም እትዬ። አሞኝም አያውቅም።»

ይህችን ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቀች ከአተነፋፈሷ ገባኝ።