የፔሌ ውኃ

እናቴ ተወልዳ ያደገችውም፣ እኛን ወልዳ ያሳደገችውም ቢሾፍቱ ነው፤ ከሆራ ሐይቅ ብዙም ሳትርቅ። በጃንዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. ሲያትል ልትጠይቀኝ መጥታ ብርዱና ጭጋጉ ቤት ሲያውላት፣ ትኬት ቆርጬ ወደ ሃዋይ ትልቋ ደሴት ይዣት ሄድኩ። ሐሳቤ አንድ ነበር፦ የኪላዌአ እሳተ ገሞራን እሳት ላሳያት።

ደሴቲቱን አምስት እሳተ ገሞራዎች ተደራርበው ነው የሠሯት። ያረፍነው በምሥራቁ ጠረፍ፣ ሂሎ ከተማ ነበር። ነፋሱ የውቅያኖሱን ደመና አምጥቶ የሚያራግፈው እዚያ ነው፤ ሂሎ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ አዲስ አበባ ከምታገኘው ከሁለት እጥፍ በላይ። ማታ ማታ ኮኪ የሚባሉ ጥቃቅን እንቁራሪቶች እስኪነጋ ያፏጫሉ። በማግስቱ አካካ ፏፏቴን አየን። 135 ሜትር ይወርዳል፤ ጢስ ዓባይን ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። እናቴ ቀና ብላ ብዙ አየችውና «ይኼ ሁሉ ውኃ ማንን ሊያጠጣ ነው የሚወርደው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በምዕራቡ ጠረፍ፣ ኮና ላይ፣ የቡና ማሳም አሳይቻታለሁ። ቡና እዚያ የተተከለው በ1828 ነው። ቅጠሉን በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችና ዝም አለች። ከዚያ የበለጠ አልቆየንም፤ ልቤ እሳቱ ጋ ነበር።

የኪላዌአ አናት ላይ ሃሌማኡማኡ የሚባል ሰፊ ጉድጓድ አለ። ከ2008 ጀምሮ በውስጡ የቀለጠ አለት ሐይቅ ሠርቶ ይንተከተክ ነበር። ሲመሽ ጃጋር ሙዚየም ሰገነት ላይ ወጥተን ቆምን። ጭሱ ከሥሩ ቀላ፤ ቀጥሎ ሰማዩ ራሱ ቀላ። ቦታው ከፍታ ስለሆነ ይበርዳል። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ትንሽ አየችና ዓይኗ ከእሳቱ ይልቅ ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ዞረ። አፋፉ ላይ በቅጠል የተጠቀለለ ነገርና የአበባ ጉንጉን ተቀምጦ ነበር። የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የአገሬው ሰው እሳተ ገሞራው ፔሌ የምትባል እመቤት ቤት ነው ብሎ እንደሚያምን ነገርኳት። «ባለቤት አለው ማለት ነው» አለች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው። እኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፎቶ ሳነሳ ቆየሁ። እሷ መኪና ውስጥ ገብታ ጠበቀችኝ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ፑና፣ ወደ ደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጫፍ ወረድን። አሁን ላወራ የፈለግኩት ስለዚያ ከሰዓት በኋላ ነው።

ካፖሆ የሚባል ሰፈር ነበር። ዙሪያው የፓፓያ እርሻ ነበር። የቀድሞውን የካፖሆ መንደር ላቫ በ1960 ቀብሮት ነበር፤ ሰው ግን ተመልሶ በዚያው አካባቢ ቤት ሠርቶ፣ አትክልት ተክሎ ኖረ። በአሮጌ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ፣ በዛፍ ተከቦ፣ አረንጓዴ ሐይቅ ተኝቶ ነበር። የአገሬው ስሙ ካ ዋይ ኦ ፔሌ ነው፤ የፔሌ ውኃ እንደማለት። እናቴ ቁልቁል እንዳየችው ሳቀች። «ይኼማ ሆራ ነው!» ቁጭ አለች። ጫማዋን አወለቀች። እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ከዚያ ወደ ባሕሩ። ዋይኦፓኤ ላይ በጥቁሩ አለት መካከል የባሕር ውኃ የተኛባቸው ብዙ ኩሬዎች ነበሩ፤ ከላይ ቆመህ ስታይ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች በኮራሉ መካከል ሲሽሎከሎኩ ይታዩህ ነበር። ጥቂት ነዳን፤ አሃላኑይ። በግንብ ከባሕሩ የተከለለ ገንዳ ነበር፤ ከሥር በመሬት ሙቀት የሞቀ ውኃ ከባሕሩ ጋር ይቀላቀልበት ነበር። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች። ሶደሬን አነሳች፣ ሶደሬ አብረዋት ይወርዱ የነበሩ፣ አሁን የሌሉ እህቶቿን አነሳች። በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን የልጅነቷን ወሬ መንገር ጀመረች። እኔ ግን ከመምሸቱ በፊት እንደገና ወደ አናቱ መድረስ ፈልጌ ነበርና አቋረጥኳት።

«ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሃል? እሳቱ እንደሆነ የትም አይሄድ።»

አስነሳኋት። ሄድን።

በዓመቱ፣ በሜይ 2018፣ ያ ሦስት ሰዓት ቆሜ ያየሁት የእሳት ሐይቅ ወደ ውስጥ ሰመጠ። የቀለጠው አለት በምድር ውስጥ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ሜይ 3 ቀን ፑና ውስጥ በሰው መኖሪያ መካከል መሬቱን ሰንጥቆ ወጣ። ሲያትል ሆኜ ሌሊት ሌሊት በስልኬ እከታተል ነበር። ጁን 2 ቀን ላቫው አረንጓዴው ሐይቅ ደረሰ። ነጭ እንፋሎት ወደ ሰማይ ወጣ፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ውኃው በሙሉ ተንኖ አለቀ። በሚቀጥሉት ቀናት የካፖሆ ባሕረ ሰላጤ ከነዋይኦፓኤ ኩሬዎቹ ተሞላ። በጁላይ አሃላኑይ ተቀበረ። በጠቅላላው ከ700 በላይ ቤቶች ጠፉ፤ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ጥቁር አለት ለበሰ። አናቱ ላይ ጉድጓዱ እየተደረመሰ ሲሄድ፣ የቆምንበት ሙዚየምም በመሬት መንቀጥቀጡ ተሰነጣጥቆ ተዘጋ፤ በ2024 ፈረሰ።

ቢሾፍቱ ደውዬ ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሰዉስ?» ብላ ነው። ላቫው ሰው እንዳልገደለ፣ አንዳንዶቹ ከመውጣታቸው በፊት ቤታቸውን ጠርገው ለፔሌ አበባ አስቀምጠው እንደሄዱ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለች። «ደግ አደረጉ» አለች። ከዚያ የሐይቁን ነገር አነሳች፤ ዳር ዳሩ ላይ የነበረው ሣር፣ ውኃው ላይ የወደቀው ቅጠል፣ ሁሉም ትዝ ይላታል። እኔ ትዝ የሚለኝ ሰዓቴ ነው።

ያን ቀን ያቋረጥኩትን ወሬ ኋላ ላይ እንድትጨርስልኝ ለምኛታለሁ። «የቱን?» አለችኝ።

እሳቱ ተመልሷል። ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ ሃሌማኡማኡ ውስጥ ደጋግሞ ፈንድቷል፤ ሰውም እየሄደ ያያል። የፔሌ ውኃ በነበረበት ቦታ ግን ያለው ጥቁር አለት ነው።