ቁጥር 16

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ ወዲያ የሚቆመውን ሰው የማውቀው በሂሳብ ቁጥሩ ነው። ማታ ማታ ግጥም እሞካክራለሁ፤ ግጥም ደግሞ ስም ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት አንድ የሚቆጠቁጥ ነገር ገጠመኝ። ስለ አንዲት ሸረሪት ያነበብኩትም ያን ሰሞን ነው።

የኖረችው በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኖርዝ ቡንጉላ በተባለ ጥብቅ ሥፍራ ነው። እንደ ቤታችን ሸረሪት ከጣሪያ ጥግ ድር አትዘረጋም፤ «ድር ቢያብር» የሚለው ተረታችን እርሷን አይመለከትም። መሬት ቆፍራ፣ ግድግዳውን በሐር ለብጣ፣ በአፉ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ትሠራለች። ከደጃፏም ጭራሮዎችን እንደ ጨረር ትዘረጋለች፤ ጉንዳን ሲረግጣቸው ንዝረቱ ከውስጥ ይሰማታል። ሴቷ ዕድሜ ልኳን ከዚያች ጉድጓድ አትለቅም። ስታድግ ታሰፋታለች፣ በቃ።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ተደባቂ ማን ናት ብሎ መለየት እንዴት ይቻላል? የዚህ ወገን ሸረሪቶች መልካቸው ይመሳሰላል፤ የሴቶቹማ ይብሳል። ስለዚህ ሊቃውንቱ አጥብቀው የሚሹት ለአቅመ አዳም የደረሰውን ወንድ ነው። ከአፉ ጎን ያሉትን ሁለት እግር መሰል አካላት፣ ዘሩን ለሴቷ የሚያቀብልበትን ጫፋቸውን፣ በአጉሊ መነጽር ይመረምራሉ። ወንዱ ግን አንድ ጊዜ ሴት ፍለጋ ከወጣ በኋላ ብዙ አይቆይም። የወገኑ መታወቂያ ያለው ሊሞት መንገድ በጀመረው ላይ መሆኑ ይገርመኛል።

የሲድኒ ሙዚየም ባለሙያ የነበረው ዊልያም ጆሴፍ ሬይንቦ እ.ኤ.አ. በ1914 ጋይዩስ ቪሎሰስ ብሎ ሰየማት። ጋይዩስ በመጽሐፍ ቅዱስ ጋይዮስ የምንለው የሮማውያን የወንድ ስም ነው፤ ቪሎሰስ በላቲን ጠጉራም ማለት ነው። (ከቤቷ ለማትወጣ እመቤት እንዲህ ያለ ስም!) በኋላ ወደ ሌላ ወገን ተዛወረች፤ ባርባራ ዮርክ ሜይን በ1978 ባሳተመችው ጥናት አኒዲዮፕስ ቪሎሰስ ተብላ እናገኛታለን። በ2017 ደግሞ የዲኤንኤ ምርመራ የታከለበት ሰፊ ክለሳ የመጀመሪያ ስሟን መለሰላት። ከክለሳው አዘጋጆች አንዷ ያችው ሜይን ነበረች። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። እኛ ዘንድ አንድ ስርዝ ድልዝ ስንት ፊርማ እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሜይን ስለዚያው የስንዴ አገር ምድር መጻሕፍት የጻፈች ደራሲም ናት። በ1974 በዚያ ሥፍራ ከየጉድጓዱ አጠገብ ቁጥር ያለበት ችካል መትከል ጀመረች። አሥራ ስድስተኛዋ ገና ከእናቷ ቤት የወጣች ጨቅላ ነበረች። ሜይን ሳትቆፍራት፣ አልኮል ጠርሙስ ውስጥ ሳትከታት፣ እየተመላለሰች አየቻት። አርባ ሁለት ዓመት! ሊቃውንቱ ስሟን ሲያነሱና ሲጥሉ ችካሉ 16 እንዳለ ቆየ። ኦክቶበር 31 ቀን 2016 ተመራማሪዋ ሊያንዳ ሜሰን ክዳኑን ተበስቶ አገኘችው፤ የበሳችው ጥገኛ ተርብ ሳትሆን አትቀርም። ባለቤቲቱ የለችም። 43 ዓመቷ ነበር፤ ዕድሜዋ ከተመዘገበ ሸረሪት ሁሉ የሚበልጣት አልተገኘም። ሜይንም በ2019 አረፈች።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ጥቁር የለበሰች ወጣት የወራሽነት ማስረጃ ይዛ መጣች። የእናቷን ስም ስትነግረኝ ምንም ትዝ አላለኝም። ሂሳቡ ሲከፈት ግን የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች አየሁና እጄ ቆመ። በየወሩ መጀመሪያ ጡረታቸውን ሊወስዱ የሚመጡ፣ ብሩን ሁለቴ ቆጥረው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» የሚሉ እናት ናቸው። ስድስት ዓመት አስተናግጃቸዋለሁ። ከቀሩ አራት ወር ሆኗቸው ነበር፤ መቅረታቸውን ልብ አላልኩም።

«እናቴን ያውቋት ነበር?» አለችኝ።

«በጣታቸው ነበር የሚፈርሙት» አልኩ። «መጥረጊያ ወረቀት ስሰጣቸው እምቢ ይሉና በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል።»

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «ያ ቀለም ባጥበው ባጥበው አልለቅ ብሎኝ ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር» አለች።