አስታማሚሽ የታለች?

በአገራችን ሆስፒታል ከሐኪሙና ከነርሷ ቀጥሎ የሚፈለገው ሰው አስታማሚ ነው። ደመወዝ የለውም፣ ጋውን አይለብስም፣ አልጋ ሥር ካርቶን አንጥፎ ያድራል። መድኃኒት ከውጭ ሲታዘዝ ሮጦ የሚገዛው እሱ ነው። ናሙና ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ ራጅ ክፍል ወረፋ የሚይዘው፣ ጉሉኮሱ ሲያልቅ «ሲስተር!» ብሎ የሚጣራው፣ ደም ሲጠፋ ክንዱን የሚዘረጋው እሱ ነው። ሽንት የሚደፋውም እሱ ነው። ይኼን ሁሉ ሥራ ደርድረን «ሰው ቅጠሩልን» ብንል የሚፈርምልን መሥሪያ ቤት አናገኝም። አስታማሚ ግን በነጻ ይመጣል። በነጻ ስለሚመጣም ሁሉም ሰው አስታማሚ እንዳለው ተደርጎ ይታሰባል።

የሌለውስ?

የሌለን እኛ ሁለት ነን። አንዷችን የጋዜጠኝነት ዲግሪዋን ይዛ ለሥራ ደብረ ማርቆስ የገባች፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ የምትኖር የሃያዎቹ ልጅ ናት። ባጃጅ ተገልብጦባት የታችኛው መንጋጋዋ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሌላኛችን ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ከሲናን ወረዳ የመጣች የአራት ልጆች እናት ናት። መንጋጋዋ ላይ እባጭ ወጥቶባት ለዓመታት በነጠላዋ ሸፍና ኖራለች። ሐኪሞቹ «አሜሎብላስቶማ» ይሉታል። ቀስ እያለ አጥንቱን እየበላ የሚያድግ ዕጢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይዛመትም፤ ካልተወገደ ግን አይቆምም፣ እንዳይመለስም ከነአጥንቱ ተቆርጦ ይወጣል። የአንዷን መንጋጋ በሽቦ አሰሩት፤ የሌላዋን ቆርጠው በምትኩ የታይታኒየም ብረት ገጠሙላት። አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ይህን የምትጽፈው የመጀመሪያዋ ብትሆንም ነገሩ የሁለታችን ነውና «እኛ» እያልን እንቀጥላለን።

ጊዜው የ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ነው። የአንዷ እናት በሕይወት የለችም፤ እህቷ ቤይሩት ናት። ሐዋላ ብር ያደርሳል እንጂ ሌሊት ውሃ አያቀብልም። የሌላዋ ባል ሊያስታምም ተነስቶ ነበር። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭቱ ከተቀጣጠለ በኋላ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሞ፣ በዚያ ሳምንትም ተዘጋ። ቢከፈትስ ከብቱንና ልጆቹን ለማን ጥሎ ይምጣ?

የሆስፒታሉን ስም አንጠራም። ነርሶቹም ክፉዎች አልነበሩም፤ ጥቂት ነበሩ። ግን በቀን አራት ጊዜ «አስታማሚሽ የታለች?» ተብሎ መጠየቅ ከቁስሉ በላይ ያማል። መጀመሪያ «ትመጣለች» አልን። ቀጥሎ «መንገድ ላይ ናት» አልን። በኋላ ዝም አልን። ከኦፕራሲዮኑ በፊት «ቤተሰብ ይፈርም» ተባለ። ተያየን። ከዚያ አንዳችን ለሌላችን ፈረምን፤ የአንዷ ፊርማ ነው፣ የሌላዋ የአውራ ጣት አሻራ። ወረቀቱ ላይ «ዝምድና» የሚል ቦታ ነበር፤ «እህት» ብለን ሞላነው። ማንም አልጠየቀንም።

መንጋጋ ሲታሰር ምን እንደሚመስል ለማያውቅ እንንገረው። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ በቀጭን ሽቦ ተያይዞ ይቋጠራል፤ አጥንቱ እስኪጋጠም አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ማኘክ የለም፣ ማዛጋት የለም፣ መሳቅም በአፍንጫ ነው። ለጋዜጠኛ ደግሞ ትልቁ ቅጣት ወሬ ነው። የሥራ ባልደረቦች «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ቀለዱ። ዝንብ ቀርቶ የሻይ ማንኪያም አልገባም!

የሌላኛችን አፍ አልታሰረም፤ ቢያብጥም ጥቂት ቃል ያወጣል። ነገር ግን ፊደል አልቆጠረችም። የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ያለውን የምታነበው አንዷ መናገር አትችልም፤ መናገር የምትችለው ማንበብ አትችልም። ስለዚህ መድኃኒት ቤት አብረን እንሄዳለን። አንዷ በጣቷ ታሳያለች፣ ሌላዋ «ይኼን ስጠን፣ ዋጋው ስንት ነው?» ትላለች። ሁለት ግማሽ ሰው ተደምሮ አንድ አስታማሚ ወጣው።

ከሆስፒታል ስንወጣ ቀጠሮው በየሳምንቱ ነበር። ከረቡዕ ገበያ አልፎ በእግር የሚኬድ ቤት ያላት ሴት በየሳምንቱ ልትመላለስ አትችልም። «እታለም፣ እኔ ጋ ነይ» የሚል ወረቀት መጻፍ ዋጋ ስለሌለው አንዷ የሌላዋን ፌስታል አንስታ ወደ ባጃጅ ተራ ሄደች። እሷም ተከተለች። (አዎ፣ ባጃጅ። ሌላ ምን አለ?) አከራያችን «ሁለት ሰው ከሆናችሁ የውሃው ይጨመራል» አሉ። ጨመርን።

ከዚያ የምግቡ ነገር መጣ። የሐኪሙ ትእዛዝ አጭር ነው፦ «ፈሳሽ፣ በደንብ፣ ቶሎ ቶሎ።» ወተትና እንቁላል ማለቱ ነው። እታለም ግን ጾም ናት። የነፍስ አባቷ በስልክ «ልጄ፣ በሽተኛ አይጾምም» ቢሏት «ሕመሙ አገጬን እንጂ ሆዴን አልያዘውም» ብላ እምቢ አለች። ተከራክረን አልቻልናትም። ስለዚህ የጎጃምን ጓዳ በፈሳሽ መልክ መረመርነው። የእንግዶ አጥሚት አፈላን፤ ደጋው ላይ የሚበቅለው የአጃ ዘመድ ነው፣ ሲፈላ ለስላሳ ነው። የሱፍ ውሃ፣ የተልባ ውሃ፣ የቀጠነ ሽሮ፣ በሶ በስኳር፣ ኦቾሎኒ ሻይ። መብራት ሲጠፋ ጁስ መፍጫው ስለማይሠራ እታለም በሙቀጫ ትወቅጣለች፣ አንዷ በነጠላ ጫፍ ታጠላለች። ለታሰረው አፍ በሲሪንጅ ነው፤ በጉንጭና በጥርስ መካከል ቀስ ተደርጎ ይገፋል፣ ከመጨረሻው ጥርስ ኋላ ባለው ክፍተት ይገባል። በቀን ስድስት ጊዜ። እንዲያም ሆኖ ጉርዳችን በመርፌ ቁልፍ መያያዝ ጀመረ።

ማንም ያልነገረን ሌላ ነገር ነበር። የታችኛው መንጋጋ ውስጥ ወደ ከንፈርና ወደ አገጭ የሚሄድ ነርቭ አለ። ሲጎዳ ወይም ሲቆረጥ የታችኛው ከንፈር ይደነዝዛል፤ ለአንዳንዱ ለወራት፣ ለአንዳንዱ ለዘለቄታው። ሾርባ በአገጭ ላይ ሲወርድ አይታወቅም። ስለዚህ ምልክት ፈጠርን። አንዷ የራሷን አገጭ ስትነካ ሌላዋ ትጠርጋለች። ሰው ፊት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ባጃጅ ውስጥ። መስታወት ያለ ሰው እጅ የት ይደርሳል?

አሁን ወደ ሌሊቱ እንምጣ። ከሆስፒታል ስንወጣ «ሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ከአጠገባችሁ እንዳይጠፋ» ተብለናል። አፉ የታሰረ ሰው ካስመለሰውና መተንፈስ ካቃተው ሽቦው መቆረጥ አለበት። የትኛው ሽቦ እንደሚቆረጥ እታለም በጣቷ እያስነካች ተምራ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ደረሰ። መብራት የለም። የመድኃኒቱ ይሁን የተልባው፣ ሆድ ተገለበጠ። አፍ አይከፈት፣ መጮኽ አይቻል፤ ያለው ግድግዳ መደብደብ ብቻ ነው። እታለም ነቃች። በአንድ እጇ ፒንሳውን ያዘች፣ በሌላው የልጅቷን ራስ ወደ ፊት ደፋ አድርጋ «በአፍንጫሽ፣ ቀስ፣ በአፍንጫሽ» እያለች ጀርባዋን መታች። ፈሳሽ ነበርና በጥርስ መሐልና በአፍንጫ ወጣ። ትንፋሽ ተመለሰ። ፒንሳው ሳይነካ ቀረ። እስኪነጋ ሁለታችንም አልተኛንም፤ እሷም ፒንሳውን ከእጇ አላወረደችም።

ያን ሌሊት ብቻዋን የነበረች ሌላ ሴት ብትሆንስ? ይኼን ጥያቄ ነው ይዘን የወጣነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በመጠየቅ አንታማም። ሆስፒታል ሳለን ጠያቂ ሞልቶ ነበር። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ብስኩት፣ አምቦ ውሃ... ማኘክ ለማትችል ሴት ብስኩት! «እግዜር ይማርሽ» ብለው ሰዓቱ ሲያልቅ ወጡ። ጠያቂና አስታማሚ ግን ለየቅል ነው። ጠያቂ ይመጣል፤ አስታማሚ ያድራል።

እድራችንንም እንየው። እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው፣ ቀብር ላይ ተራ ጠብቆ የሚያገለግል ሰው አለው። ሰው ሲሞት ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል። የታመመ አባላቸውን የሚደግፉ እድሮች የሉም አንልም፤ መሠረቱ ግን ለሞት ነው። ቤት እየቀያየርን የምንኖር ተከራዮች ደግሞ እድሩም የለንም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዱ ነበር። ትልቅ ነገር ነው፤ የሕክምናውን ወጪ ያቃልላል። የአስታማሚን የመኪና፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ ግን አይከፍልም። አስታማሚ ለሌለውማ አስታማሚ አይልክም።

መፍትሔው ከሰማይ አይወርድም፤ አገራችን ውስጥ ተሠርቶ አይተነዋል። ማሚቱ ጋሼን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1962 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ በወሊድ ተጎድታ ወደ ዶክተር ሐምሊን ባልና ሚስት ዘንድ መጣች። ታክማም ቀረች። መጀመሪያ አልጋ አነጠፈች፣ ቀጥላ ለሐኪሞቹ ዕቃ አቀበለች፣ በመጨረሻ ራሷ በዓለም የታወቀች የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነች። በፊስቱላ ሆስፒታሉ የዳኑ ሌሎች ሴቶችም ረዳት ነርስ ሆነው አዲስ የሚመጡትን ያስታምማሉ። ማንም የሌላትን ሴት ከእሷ በፊት በዚያው አልጋ ላይ የተኛች ሴት ትቀበላታለች።

የፊትን ነገር ካነሳንም ኖማ አለ፤ በምግብ እጥረት የተዳከመ ልጅ ድድ ላይ ጀምሮ ፊትን የሚበላ በሽታ። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ተርታ ያስገባው ገና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት የኖማ ተጎጂዎችን አዲስ አበባ ላይ ሲያሳክም፣ ሕሙማኑ ከኦፕራሲዮኑ በፊትና በኋላ በመናገሻው የቼሻየር ማዕከል ያርፉ ነበር። ይኼን ያሰበ ሰው ቀዶ ሕክምና ስፌቱ ሲያልቅ እንደማያልቅ ገብቶታል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሆስፒታሎች «አስታማሚሽ የታለች?» ብለው ከመጠየቅ አልፈው «የለችም» ለሚለው መልስ የሚሆን አንድ መስመር በመዝገባቸው ይክፈቱ። ድነው የወጡ ሰዎች ፈቃደኛ ከሆኑ ስልካቸው ይያዝ። እኛም ወጣቶች፣ ሠርግና ልደት ላይ ተደዋውለን የምንገናኘውን ያህል፣ ጓደኛችን ሲታመም ማን የትኛውን ሌሊት እንደሚያድር እንከፋፈል። ሰባት ሰው ካለ ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ሌሊት ነው።

እታለም ከፋሲካ በኋላ ወደ ልጆቿ ተመልሳለች። ብረቱ ይዟል፤ ከንፈሯ አሁንም ይደነዝዛታል፤ እንጀራ አድቅቃ ትበላለች። የሌላኛችን ሽቦ ተፈትቶ ወሬው ተመልሷል፤ ጎረቤት ይመስክር። ስልካችንን ዋርዱ ውስጥ ለምትሠራ ነርስ ትተንላት ነበር። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተደውሎልናል። የመጀመሪያው፣ መንጋጋው የታሰረ፣ ቤተሰቡ ሩቅ የሆነ ተማሪ ነበር። የሱፍ ውሃ በፔርሙስ፣ ሲሪንጅና ፒንሳ ይዘን ሄድን። ልጁ ወረቀት ላይ «እናንተ እነማን ናችሁ?» ብሎ ጻፈ።

እታለም ለገበያ ወርዳ ነበርና አብራን ነበረች። አነበብንላት። «አስታማሚዎችህ ነን በዪው» አለች።