የእታለም ጊኒሊንግ



ደሴ ቤታችን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሠራ አንድ የፊሊፒንስ ምግብ አለ። ስሙ ጊኒሊንግ ነው፤ በታጋሎግ ቋንቋ «የተፈጨ» ማለት ነው። እናታችን መጀመሪያ የቀመሰች ቀን «ይሄማ በርበሬው የተረሳ ምንቸት ነው» ብላ አሳቀችን።

ወደ ቤታችን ያመጣችው ታላቅ እህታችን ናት። እታለም በ2004 ጅዳ ሄዳ በ2015 ተመለሰች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ የምንላት «ደህና ነሽ?» እና «መቼ ነው የምትልኪው?» ነበር። ምን እንደምትበላ፣ ከማን ጋር እንደምታወራ ጠይቀናት አናውቅም። ስትመለስም ብዙ አልተናገረችም። የተናገረችው ድስት ጥዳ ነው።

ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ በትንንሹ የተከተፈ ሁለት ድንችና አንድ ካሮት፣ አንድ እፍኝ እሸት አተር፣ ሦስት ቲማቲም፣ አንድ ሽንኩርት፣ አራት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት። ዘይቱ ሲሞቅ ሁለቱ ሽንኩርቶች ይገባሉ። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው፤ እንደ ዶሮ ወጥ ሰዓት ሙሉ ልናቁላላ ስንል እታለም ጭልፋውን ነጠቀችን። «ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል! መዳም ልትነሳ ነው!» አለች። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም።

ለካ ምግቡ የእረፍት ሰዓታቸው ነበር። የቤቱ ሰዎች ካብሳቸውን በልተው ሲተኙ እታለምና አብራት የምትሠራው ፊሊፒናዊት ግማሽ ሰዓት ያህል ያገኛሉ። ለራሳቸው የሚያበስሉት በዚያች ሰዓት ነው።

ቲማቲሙ ሲፈርስ ሥጋው ይገባል፤ ውሃው ደርቆ ቡናማ እስኪሆን ይታሻል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። ድንቹና ካሮቱ ተጨምሮ አሥር ደቂቃ ያህል ይከደናል፣ አተሩ መጨረሻ ላይ ይገባል። ሶያው ራሱ ጨው ስለሆነ ሳትቀምሱ ጨው እንዳትጨምሩ። የሚበላው በነጭ ሩዝ ነው። በእንጀራም ሞክረነዋል፣ ይሄዳል፤ እታለም ግን ትቆጣለች። አሠራሩን ኢንተርኔት ላይ የምትፈልጉ ደግሞ ልብ በሉ፦ አብዛኛው ፊሊፒናዊ ክርስቲያን ስለሆነ በአሳማ ሥጋም ይሠሩታል። ሥጋውን ከሙስሊም ልኳንዳ፣ ሶያ ሶሱንም ሐላል የሚለውን ምልክት አይታችሁ ግዙ።

ጓደኛዋ ግን ሙስሊም ናት። «ፊሊፒንስ ሙስሊም አለ እንዴ?» ብለን አፍረናል። የማራዊ ልጅ ናት፤ ማራዊ በሚንዳናው ደሴት ላናው ሐይቅ ዳር ያለች የሙስሊሞች ከተማ ናት። እስልምና እዚያ አገር የገባው እስፔኖች በ1565 እ.ኤ.አ. መስፈር ከመጀመራቸው በፊት ነው።

ግንቦት 15 ቀን 2009፣ ረመዳን ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው፣ ማራዊ ውስጥ ጦርነት ተነሳ። አምስት ወር ቆየ፤ የከተማዋ መሐል ፈረሰ። ጓደኛዋ በየቀኑ ኩሽና ቆማ ሰፈሯ ሲቃጠል በስልኳ ታይ ነበር። እታለም ምን እንደምትላት ጠፋት። ቋንቋቸው ያው የኩሽና ዐረብኛ ነው፤ ለሐዘን የሚሆን ቃል አልነበራቸውም። ስለዚህ ድንች ላጠችላት።

በ2014 ጥቅምት ተራው የኛ ሆነ። ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስልክ ተቋረጠ። ከአንድ ወር በላይ እታለም ድምፃችንን አልሰማችም፤ በሕይወት እንኑር አንኑር አታውቅም ነበር። «ያኔ ምን ትሠሪ ነበር?» አልናት።

«እሷ ድስቱን ትጥዳለች፣ እኔ አልበላም እላለሁ፣ እሷ ሳህኑን ይዛ ትቆማለች። ስበላ ነው የምትሄደው» አለች።

ይህን ለመስማት አሥራ አንድ ዓመትና አንድ ድስት ፈጀብን።

ጓደኛዋ አሁንም ጅዳ ናት። ባለፈው ቅዳሜ በቪዲዮ ደውለን ድስቱን ከፍተን አሳየናት። ጠጋ ብላ አይታ በዐረብኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ እታለም እስክታነባ ሳቀች።

«ምን አለች?»

«ካሮቱን አተልቃችሁታል አለች።»