ቀዩ ቱቦ

ወረቀቱ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ፊርማውም የእኔው ነው። ያጠፋሁት ባልጻፍኩት ነው። ይህን ስል ሳይጽፉ ማጥፋት ከመዋሸት ይቀላል ማለቴ አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ቃሊቲ፣ በሰፈራችን አንዲት እናት ጓሯቸው ውስጥ ጎመን ተክለው ይሸጣሉ። ከአጥሩ ወዲያ ጋራዥ አለ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የተቃጠለ ዘይት እየገፋ መደባቸው ላይ ይተኛል። ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ሲቀጭጭ ከባለ ጋራዡ ጋር ተጣሉ፤ ሽማግሌ ገባና «አፈሩ ተመርምሮ ይለይ» ተባለ። የመንግሥት አፈር ላቦራቶሪ የምሠራው የሰፈሩ ልጅ እኔ ነኝ።

ሁለት ፌስታል አፈር ወሰድኩ፤ አንዱን ከተበከለው መደብ፣ አንዱን ዘይት ካልደረሰበት ከቤቱ ጀርባ። የአፈር ረቂቅ ተሕዋስያን ምን ያህል እንደሚሠሩ የምንለካበት የቆየ ዘዴ አለ። ቴትራዞሊየም የሚባል ጨው በውሃ ተበጥብጦ አፈሩ ላይ ይጨመርና በ37 ዲግሪ ሙቀት ለ24 ሰዓት ይቀመጣል። ተሕዋስያኑ ምግባቸውን ሲያቃጥሉ ዲሃይድሮጂኔዝ የተባሉት ኢንዛይሞቻቸው ጨዉን ያቀሉታል። በማግስቱ ኢንኩቤተሩን ስከፍት የንጹሑ አፈር ቱቦ ፈዛዛ ሮዝ ነበር። ዘይት የጠጣው ግን እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ቀልቷል።

«የተሕዋስያኑ እንቅስቃሴ ከንጹሑ አፈር ይበልጣል» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው። ሽማግሌዎቹ ሲያነቡት ግን «አፈሩ ጤነኛ ነው» ማለት ሆነ፤ እንደዚያ እንደሚያነቡትም አላጣሁትም።

ሌላም ሙከራ ሠርቼ ነበር። ፈንገሶች እንጨትና ገለባ የሚያፈርሱበት፣ ከሰውነታቸው ውጭ የሚረጩት ላኬዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ኤቢቲኤስ የተባለውን ንጥረ ነገር አረንጓዴ ያደርገዋል። የንጹሑ አፈር ወዲያው አረንጓዴ ሆነ፤ የዘይቱ ግን ቱቦውን ወደ መስኮት ካላነሱት በቀር ቀለም ያለውም አይመስል። ያን ውጤት ደብተሬ ላይ መዘገብኩት፣ ወረቀቱ ላይ ግን አላሰፈርኩትም። «ሁለቱ ስለማይገጥሙ ሰው ያደናግራል» አልኩ ለራሴ።

ምክንያቴ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ባለ ጋራዡ ገንዘብ አልሰጠኝም። ዲፕሎማ ብቻ እንዳለኝ እያወቀ «ዶክተር» ይለኝ ነበር። ለዶክተር ደግሞ «አላውቅም፣ አልገጠመልኝም» ማለት ይከብዳል። በዚህ ዋጋ መሸጤን ስነግራችሁ፣ ገንዘብ ተቀብዬ ቢሆን ይሻል ነበር ወይ እላለሁ፤ አይሻልም፤ ቢያንስ ግን መሸጤን አውቀው ነበር።

ወራት አለፉ። አንዲት ተለማማጅ ያንኑ ሙከራ ሳሳያት፣ ቀዩን ቱቦ ወደ ብርሃን አንሥታ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ያህል ምን እየበሉ ነው?» አለችኝ።

አፌ ላይ የነበረው መልስ «ዘይቱን ነዋ» ነበር። ሳልጨርሰው እዚያው ቆምኩ።

ዘይት የሚበሉ ባክቴሪያዎች በዘይት ይፋፋሉ። ካርቦኑ ሞልቶላቸዋል፤ ናይትሮጅኑን ግን ከአፈሩ፣ ከጎመኑ ድርሻ ይወስዳሉ። ቀላል ቀላሉን ይጨርሱና ቀለበት በቀለበት የተያያዘው ጠንካራው ክፍል ይቀራል፤ እሱን እንደ ላኬዝ ባሉ ኢንዛይሞች ሊፈቱ ከሚችሉት መካከል ደግሞ ፈንገሶች ይገኙበታል፤ የእነሱ ቱቦ ነበር ቀለም ያጣው። የእኔ ቀይ የጥቂቶች ድግስ ነበር። ጎመኑን ያቀጨጨው ይህ ብቻ ነው ለማለት አንድ ፌስታል አፈር አይበቃም፤ አፈሩ ጤነኛ ነው ለማሰኘትም አይበቃም ነበር።

ደብተሬን አውጥቼ ሁለቱን ውጤት ያሰፈርኩበት ወረቀት ይዤ ሄድኩ። እትዬ የመጀመሪያውን ፕላስቲክ አልብሰው ቁም ሳጥን ውስጥ አኑረውት ነበር። የተፈረደባቸው በእሱ ነው፤ ግን የመንግሥት ወረቀት ነው ብለው አልጣሉትም። ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩዋቸው።

«ፊርማው የአንተው ነው፣ ሁለቱም ላይ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ሁለቱንም አንድ ላይ አጥፈው ወደ ፕላስቲኩ መለሱና ቡና ሊያፈሉ ተነሡ።